በእጅ የተጻፈ የሚመስል የአማርኛ ፊደል የት ያምራል፣ የት ያበላሻል?

የጠባሴዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን ላይ ለሦስት ሥራ የሚሆን አንድ ፊደል (ፎንት) እየፈለግሁ ነው፤ ዘና ያለ፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስል፣ መስመሩ ትንሽ ወለም ዘለም የሚል ዓይነት። የመጀመሪያው ሥራ ጠባሴ አካባቢ ለሚከፈት ካፌ ነው፤ በኤ4 የሚታተም የምግብ ዝርዝርና 3 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ታፔላ። ሁለተኛው ለመንዝ በርኖስና ባና (የሱፍ ካባና ብርድ ልብስ) የሚንጠለጠል 5 በ8 ሳንቲ ሜትር የካርቶን መለያ ነው። ሦስተኛው ለአጸደ ሕፃናት የፊደል ካርድ።

ከኢንተርኔት ባወረድኩት ፊደል ሞክሬ ሳትም ሦስት ነገር አየሁ። «ቤት» «ቢት» ይመስላል። ቦልድ ሳደርገው ደግሞ የባሰ ተደፈነ። ዋጋው ላይ ቁጥሮቹ ሌላ መልክ ይዘው መጡ። ጥፋቱ የፊደሉ ነው ወይስ የእኔ አጠቃቀም? አንዱ ለሦስቱም ይሆናል? ካልሆነ የራሳችንን ብንሠራስ ምን ያህል ልፋት አለው?

ብርዕና መቃ

እህቴ፣ ሦስቱ ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው። ቦልዱንና ቁጥሩን የኅትመት ሰዎች ይመልሱልሽ፤ እኔ «ቤት» ለምን «ቢት» እንደሆነ ልናገር፣ የነገሩ ሥር እሱ ነውና።

የላቲን ፊደል እንደፈለገ ቢወላገድ ንባቡ ብዙም አይጎዳም። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚናገረው በትንንሽ ቅጥያ ነው። ካዕቡ ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው፤ ሣልሱ እግሩ ሥር ሰረዝ፤ ኀምሱ እዚያው እግሩ ሥር ቀለበት። ቀለበቱ ትንሽ ከሆነና መስመሩ ወፍራም ከሆነ ቀዳዳው ይደፈንና ሰረዝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ቤት» «ቢት»፣ «ሴት» «ሲት»፣ «ሌላ» «ሊላ» ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የቀለበቱ ቀዳዳ ቢያንስ የመስመሩን ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ይህ ማለት ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር የመስመሩን ሦስት እጥፍ ይሆናል። የመስመሩ ውፍረት የፊደሉን ቁመት አንድ አሥረኛ ከሆነ ቀለበቱ የቁመቱን 30 በመቶ ይወስዳል ማለት ነው። ብዙዎቹ የእጅ መሰል ፊደሎች ለቀለበቱ ከዚያ ያነሰ ቦታ ነው የሚሰጡት።

ከቀለበቱ የባሰው ግን እግር ነው። በ፣ ባ፣ ቦን ተመልከቺ። «በ» ሁለቱ እግሮቹ እኩል ናቸው፤ «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ «ቦ» ግራ እግሩ ይረዝማል። ሰ ሳ ሶ፣ ሸ ሻ ሾም እንዲሁ። እንግዲህ ዘና ያለ ፊደል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እግሮችን አንዱን ረዘም አንዱን አጠር ማድረግ ነው፤ ከላቲን የወረሰው ልማድ ይህ ነው። እዚያ ጌጥ የሆነው እዚህ ድምፅ ይቀይራል። የካፌሽ ዝርዝር ላይ «ሾርባ» «ሻርባ»፣ «ሻይ» «ሸይ» ሆኖ ሲነበብ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ራብዑና ሳብዑ የሚያሳጥሩት እግር ከቁመቱ ሢሶ ያህል መቀነስ አለበት፤ እንዲያው ለውበት የሚደረገው መዛነፍ ደግሞ ከቁመቱ 5 በመቶ አይለፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ዓይን አይሳሳትም። ለመወላገድ ሌላ ቦታ ሞልቷል፤ የቋሚው መስመር መጉበጥ፣ የራሱ ክብነት፣ የፊደሉ 2 ወይም 3 ዲግሪ ማዘንበል፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት።

ስለ ጠባዩም ልጨምር። ቁም ጽሕፈት (የብራና መጻሕፍቱ አጻጻፍ) ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚኖረው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ በተቀረጸ መቃ ስለሚጻፍ ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ይህ የአንቺ ፊደል ግን በእስክሪብቶ ወይም በማርከር የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት፣ ጫፉ ድቡልቡል። ቁም ጽሕፈት የአደባባይ ድምፅ ከሆነ ይኼ የጓዳ ድምፅ ነው። ለጥሪ ወረቀት፣ ለምግብ ቤት ርዕስ፣ በእጅ ለተሠራ ዕቃ፣ ለሰላምታ ካርድ ያምርበታል። ለጨረታ፣ ለውል፣ ለመድኃኒት አወሳሰድ፣ ለሐዘን መግለጫ አይሆንም። የጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለሚያስተዋውቅ በራሪ ወረቀት ርዕሱን በዚህ ብትጽፊው ደስ ይላል፤ እዚያው ወረቀት ላይ ያለውን የጥንቃቄ ማሳሰቢያ ግን በጽኑ ፊደል፣ ማለትም በማይወላገደው፣ ጻፊው።

ፊደል ከመምረጥሽ በፊት ይህን መስመር በምታትሚበት መጠን አትሚው፦ በ ባ ቦ፣ ሸ ሻ ሾ፣ ቢ ቤ፣ ሊ ሌ፣ ለ ሰ፣ ጸ ጰ፣ ዐ ፀ። ከዚያ እያንዳንዱን ለየብቻ ቆርጠሽ ደበላልቀሽ ለሌላ ሰው አሳዪ። በቃል ውስጥ ሲሆን አንባቢ ገምቶ ያልፈዋልና ፈተና አይሆንም።

ሌጣ ወረቀት

ጋሼ ስለ እግሩ ያለው ልክ ነው። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ።

ቦልድ፦ እንዲህ ዓይነት ፊደሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውፍረት ብቻ አላቸው። ቦልድ የሚለውን ስትጫኚ ፕሮግራሙ እውነተኛ ወፍራም ፊደል ስለማያገኝ ያለውን ዙሪያውን ያሳብጠዋል። ውጭም ውስጥም ስለሚያብጥ ቀለበቱ ይደፈናል። ኢታሊክም እንዲሁ ነው፤ ዝም ብሎ ያጋድመዋል። ሁለቱንም ተያቸው። ማጉላት ከፈለግሽ መጠኑን ጨምሪ ወይም ቀለሙን ቀይሪ። የብራና ጸሐፊዎችም ርዕሱንና ቅዱስ ስሙን በቀይ ቀለም ነው የለዩት እንጂ አላወፈሩትም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ያ መንገድ ዛሬም ይሠራል።

ቁጥሩ፦ ፊደሉን የሠራው ሰው አማርኛውን ብቻ ሠርቶ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አልጨመረም። የጎደለውን ፕሮግራሙ ከሌላ ፊደል ይተካል። በተቃራኒውም ይሆናል፦ ኮሚክ ሳንስ ዘና ያለ ነው ብለው የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ቪንሰንት ኮናሬ በ1994 እ.ኤ.አ. ለማይክሮሶፍት የሠራው ይህ ፊደል የኢትዮጵያ ፊደል የለበትም። ስሙ ሣጥኑ ውስጥ «ኮሚክ ሳንስ» ቢልም ወረቀቱ ላይ የሚወጣው አማርኛ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ናያላ ወይም ኢብሪማ ነው። ስለዚህ ከማውረድሽ በፊት ቁጥሮቹን፣ ። ፣ ፤ ፦ን፣ ቅንፍንና ትእምርተ ጥቅስን ፈትሺ። ፈቃዱንም አንብቢ፤ «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ከሆነ ለካፌ አይሆንም። ክፍት የፊደል ፈቃድ ያለው ከሆነ ለንግድ ሥራ መጠቀም ይቻላል፤ የሚከለክለው ፊደሉን ራሱን ብቻውን መሸጥ ነው።

ወደ ማተሚያ ስትልኪ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ ላኪ። በኮረል ድሮው ኮንትሮልና ኪው፣ በኢለስትሬተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ነው። ካልቀየርሽ እነሱ ጋ ፊደሉ ስለማይኖር ይተካል፣ መስመሩም ይንሸራተታል። ማስተካከል የሚቻልበትን ኮፒ ግን ለራስሽ አስቀሪ፤ ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ ዋጋ ሲቀየር እንደገና አይተየብም።

ታፔላው ላይ ስሌት እንሥራ። የታፔላ ሠሪዎች የተለመደ መለኪያ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። በደሴ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ስሙን ለማየት 3 ሴኮንድ ቢያገኝ ከ42 ሜትር ጀምሮ መነበብ አለበት ማለት ነው፤ ያ ደግሞ 35 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃል። ለጽኑ ፊደል ነው ይህ። ለሚወላገደው ትንሽ ጨምሪበትና 38 አድርጊው። የፊደሉ ወርድ የቁመቱ 80 በመቶ ያህል ስለሆነ እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ከግራና ከቀኝ አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር ስትለቂ 2.8 ሜትር ይቀርሻል፤ 9 ፊደል ይገባል። ስሙ ስንት ፊደል ነው?

መለያውን በተመለከተ፦ ስሙን በእጅ መሰሉ ከ20 ነጥብ (ፕሮግራሙ ላይ የሚመረጠው የፊደል መጠን) በታች አታውርጂው። በ24 ነጥብ ፊደሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆማል፣ መስመሩ 0.6፣ የቀለበቱ ቀዳዳም ደህና ከተሠራ 0.6 ነው። ወደ 12 ነጥብ ስታወርጂው ቀዳዳው 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቡናማው ሻካራ ካርቶን ቀለም ስለሚመጥ ይደፍነዋል። የአስተጣጠቡን መመሪያ ጽኑ ፊደል በሆነው በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በ8 ነጥብ ጻፊው። ነገ መለያውን በጥልፍ እንሥራው ካላችሁ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር በክር አይቆምም፤ ፊደሉን ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር አድርጉት።

የጠባሴዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእግሩን ነገር ካነበብኩ በኋላ ያወረድኩትን ሳየው «በ» እና «ባ» ጭራሽ አይለዩም። የካፌው ስም «ካፌ» የሚለውን ጨምሮ 11 ፊደል ነው። የታፔላው ቦታ ሰፋ አይልም።

ሌጣ ወረቀት

እንግዲያው «ካፌ» የሚለውን ከመስመሩ አውጪውና 9ኙን በ38 ሳንቲ ሜትር ጻፊ። «ካፌ»ን ከሥር በቀኝ በኩል በ15 ሳንቲ ሜትር በጽኑ ፊደል አድርጊው። ከላይ 9፣ በመስመሮቹ መካከል 8፣ ከታች 10 ይቀራል፤ 80ው ሞላ። 11ዱንም ባንድ መስመር ብታስገቢ ቁመቱ ወደ 30 ይወርዳል፤ እግረኛና ባጃጅ ያነበዋል፣ መኪና ግን ያልፈዋል። ይህም በጠራ ቀን ነው። ጣርማበር ላይ ወይም ደብረ ሲና መውረጃ ዳር ቢሆን ኖሮ በጭጋጉ ምክንያት ይህን ፊደል ጭራሽ አልመክርሽም ነበር፤ ጭጋግ መጀመሪያ የሚበላው ቀጭኑን መስመርና ቅጥያውን ነው።

በስቲከር የሚቆረጥ ከሆነ የፊደሉን ነጥቦች፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የዳሩን መስመር የሚሠራባቸውን፣ ቁጥር እይ። ከፎቶ ተቀድተው ያልጸዱ ፊደሎች ዳራቸው እንደ መጋዝ ነው፤ አንዱ ፊደል በመቶዎች የሚቆጠር ነጥብ ይኖረዋል። ምላጩ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሲዞር ስቲከሩን ያነሳዋል፣ ሲላጥም ይቀደዳል።

ገበታ

ስለ ካርዱ ማንም አልነካውም። ለሕፃናት ፊደል መማሪያ ይህን ፊደል አትጠቀሚ። ልጁ ገና ግዕዝን ከካዕብ፣ ሣልስን ከኀምስ የሚለየው በቅጥያው ቦታ ነው። አንዱ ካርድ ላይ ሰረዙ ወገብ ላይ፣ ሌላው ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካየው ሕጉን ማውጣት አይችልም። አዋቂ የሚወላገደውን የሚያነበው ትክክለኛውን ስለሚያውቅ ነው፤ ልጁ ገና አላወቀውም።

ብርዕና መቃ

ስለ መወላገዱ እስማማለሁ፤ ስለ ውፍረቱ ግን ልለይ። የመጽሐፍ ፊደል ወፍራምና ቀጭን ስላለው፣ ጫፉም ስለሚሾል፣ በእርሳስ የሚጽፍ ልጅ ሊመስለው አይችልም። ውፍረቱ አንድ የሆነ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ፊደል እርሳሱ የሚሄድበትን መንገድ ያሳየዋል። ስለዚህ የእጅ መሰሉን ለካርድ ማዋል ይቻላል፣ ከመስመር ከፍ ዝቅ ማለቱና ማዘንበሉ ዜሮ ከሆነ። ካዕቡም ሆነ ሣልሱ፣ የእያንዳንዱ ቅጥያ ከፊደል ፊደል እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጥ።

ገበታ

እንደዚያ ከሆነ እቀበላለሁ። ፊደሉ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ የቃል ምሳሌውም ከሥር በዚያው ፊደል ይሁን። አንድ ካርድ ላይ የ«ሀ» መልክ ሁለት አይሁን።

ሳድስ

የራስሽን መሥራት ለጠየቅሽው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ «ቨ»ን ስትጨምሪ 238። በዚያ ላይ ዲቃላዎቹ (ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ፣ ሟ…)፣ ቁጥሮቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡ። ለካፌ ዝርዝር የግዕዝ ቁጥሮቹን 20 መተው ትችያለሽ፤ ከ0 እስከ 9 ግን ግድ ነው።

ወረቀቱን እንደ ፊደል ገበታው አስምሪው፦ 2.5 ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ ወደ ጎን 7፣ ወደ ታች 10። ኤ4 ላይ ይበቃል፤ አንድ ረድፍ አንድ ቤተሰብ ነው፣ 34ቱ በ4 ገጽ ያልቃሉ። ዲቃላውና ሥርዓተ ነጥቡ 2 ገጽ ይጨምራል። ማስመሪያው ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን፤ ስካን ካደረግሽ በኋላ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትለውጪው ይጠፋል። ፊደሉን 2 ሳንቲ ሜትር አቁሚው፣ ማርከሩ 2 ሚሊ ሜትር ጫፍ ያለው ይሁን፤ ጋሼ ያለው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። 80 ግራም ወረቀት ላይ ማርከር ይሰራጫል፤ 120 ወይም ከዚያ በላይ ውሰጂ።

አጓጊው ስህተት 33ቱን ግዕዝ ብቻ ጽፎ ቅጥያውን በኮምፒውተር መለጠፍ ነው። ሥራው በሰባት እጥፍ ይቀንሳል፤ ውጤቱ ግን በማኅተም የተመታ ይመስላል። የእጅ መልክ የሚመጣው «ቡ» ስትጽፊ ቋሚው ራሱ ለሰረዙ ትንሽ ቦታ ስለሚለቅለት ነው። 238ቱንም ጻፊያቸው። ገበታውን ከመጀመርሽ በፊት አንድ ገጽ ተራ ጽሑፍ ጻፊና እጅሽን አላምጂ፤ ለብቻው የተጻፈ ፊደል ብዙ ጊዜ ይደርቃል። አራቱንም ገጽ ባንድ ቀን ጨርሺ፤ ነገ የእጅሽ ውፍረትና ማዘንበል ሌላ ነው።

ስካን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ፒክስል)። 2 ሳንቲ ሜትሩ ፊደል 470 ፒክስል ያህል ይሆናል፣ ይበቃል። የስልክ ፎቶ ዳሩን ያጣምመዋል፣ ጥላም ያመጣል። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ትሬስ ቢትማፕ (ምስሉን ወደ ቅርጽ መቀየር) ካደረግሽ በኋላ ነጥቡ እንዲቀንስ ሲምፕሊፋይ በይው፤ አንድ ፊደል ከ15 እስከ 40 ነጥብ ይበቃዋል። እያንዳንዱን ፋይል በዩኒኮድ ቁጥሩ (ኮምፒውተር ሁሉ ፊደሉን በሚያውቅበት ቁጥር) ሰይሚው። የእኛ ፊደል ከ1200 ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ቦታ አለው፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው በአሥር ሳይሆን በ16 መሠረት (ሄክሳዴሲማል) ነው። ሀ 1200፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218 እያለ ይሄዳል።

ከዚያ ፎንትፎርጅ፣ የፊደል መሥሪያ ፕሮግራም። ነፃ ነው። ሙሉ መጠኑን 1000 ብትይ ፊደሉ 700 ያህል ይቁም፤ ከግራና ከቀኝ 40 እስከ 60 ልቀቂ፤ የቃላት ክፍተቱ 280 ገደማ። ከማውጣትሽ በፊት ሪሙቭ ኦቨርላፕ፣ ቀጥሎ ኮሬክት ዳይሬክሽን። ሁለተኛውን ከዘለልሽው አንዳንዱ ቀለበት ጥቁር ሆኖ ይሞላል፤ የውስጡ መስመር ከውጩ ተቃራኒ አቅጣጫ ካልዞረ ኮምፒውተሩ ቀዳዳ መሆኑን አያውቅም። «ቤ»፣ «ዐ»፣ «ፀ»፣ «ቀ»ን መጀመሪያ ተመልከቺ።

ፊደሉ እውነተኛ እጅ እንዲመስል ከፈለግሽ ደጋግመው ለሚመጡት፣ ለን፣ ት፣ ም፣ ል፣ ር፣ ው፣ ስ፣ አ፣ የ፣ በ፣ ለ እና መ፣ ሁለት ወይም ሦስት መልክ ጻፊ። «መመገቢያ» ላይ ሁለቱ «መ» አንድ ዓይነት ከሆኑ ዓይን ወዲያው ይይዛቸዋል። መልኮቹን የሚያፈራርቀው ኮንቴክስቹዋል ኦልተርኔትስ የሚባለው ሕግ ነው። ፊደሉ ውስጥ ብትጽፊውም ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ፎንት ሣጥን ውስጥ አድቫንስድ ገብተሽ ክፈቺው። ኢለስትሬተር ላይ ክፍት ነው። ለሕፃናቱ ካርድ ግን ዝጊው፣ ገበታ ያለው ነገር አለና።

የጠባሴዋ

ሥርዓተ ነጥቡን ልጠይቅና ላብቃ። አራት ነጥቡን እንደ ሁለት ኮለን አድርጌ ብጽፈው ምን ችግር አለው?

ሳድስ

ሁለት ኮለን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ መስመር መጨረሻ ላይ ሊነጣጠሉ ይችላሉ፤ አንዱ እላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። አራት ነጥብ የራሱ ቦታ አለው፣ 1362። አራቱን ነጥቦች በማርከሩ ጫፍ እየነካሽ ጻፊያቸው እንጂ አንዱን ነጥብ አራት ጊዜ አትቅጂ። የነጥቡ ስፋት ከመስመሩ ውፍረት ትንሽ ይብለጥ፣ 1.2 እጥፍ ያህል፤ እኩል ከሆነ በትንሽ መጠን ሲታተም የቀጠነ ይመስላል። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ 1361 ነው፤ ለዛሬ ጽሑፍ ባትጠቀሚበትም ሥሪው፣ ለሰርግ ጥሪ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።